እጁ እዚያ ምን ይሠራ ነበር? በነዳጅ ቁፋሮ ሥራ ላይ ስለሚደርሰው የእጅ ጉዳት

በነዳጅ ቁፋሮ ማማ ላይ የአንድ ሠራተኛ ጣት ሲጨፈለቅ በማግሥቱ የሚጻፈው የአደጋ ሪፖርት ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ዐረፍተ ነገር ይዞ ይመጣል፦ «ሠራተኛው እጁን አደገኛ ቦታ ላይ አድርጎ ነበር።» ቀጥሎ የሚመጣው መፍትሔም የታወቀ ነው። ሠራተኞቹ ይሰበሰባሉ፣ ስለ ጥንቃቄ ይነገራቸዋል፣ ግድግዳው ላይ አዲስ ፖስተር ይለጠፋል፣ ወፈር ያለ ጓንት ይታደላል። ከጥቂት ወራት በኋላ ሌላ ሰው፣ በሌላ ፈረቃ፣ በዚያው መሣሪያ ላይ ጣቱን ያጣል።

ዐረፍተ ነገሩ ሐሰት አይደለም፤ እጁ በርግጥ እዚያ ነበር። ምርመራው ግን እዚያ ላይ ማለቁ ቀርቶ ከዚያ መጀመር አለበት። እጁ እዚያ ምን ይሠራ ነበር? ተዘናግቶ ነው ያስቀመጠው ወይስ ሥራው ያለዚያ አይሠራም? የቁፋሮ ወለል ሥራን፣ ማለትም ከማማው ሥር ቧንቧው በሚፈታበትና በሚታሰርበት መድረክ ላይ የሚከናወነውን፣ ደረጃ በደረጃ ለተከታተለ ሰው መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ነው። እጁን እዚያ ያደረሰው የመሣሪያው አሠራር ነው፣ የሥራው ጥድፊያ ነው፣ ማማውን የሚያሠሩት ወገኖች ገንዘባቸውን የት ላይ ለማውጣት እንደመረጡ ነው።

ጉዳዩ የጥቂት ሰዎች አይደለም። ዓለም አቀፉ የቁፋሮ ተቋራጮች ማኅበር የአባላቱን የአደጋ መረጃ ከ1962 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይሰበስባል፤ በሪፖርቶቹ ውስጥ ከተጎዱ የአካል ክፍሎች በተደጋጋሚ ከላይ የሚቀመጡት ጣትና እጅ ናቸው። የአደጋው ዓይነት ሲታይ ደግሞ በሁለት ነገሮች መካከል መያዝና በሚንቀሳቀስ ነገር መመታት ከቀዳሚዎቹ ናቸው። እንግዲህ ይህን ያህል ዘመን የተመዘገበና የታወቀ አደጋ ለምን በዚያው ቦታ እንደቆየ ነው መጠየቅ ያለበት።

በአንድ ትሪፕ ከሺህ በላይ ንክኪ

የነዳጅ ጉድጓድ በአንድ ረጅም መሰርሰሪያ አይቆፈርም። የመቆፈሪያው ቧንቧ እያንዳንዳቸው 9 ሜትር ተኩል ገደማ የሚረዝሙ ብረቶች አንዱ በሌላው ጫፍ ላይ በጥርስ እየተጠመዘዙ የሚቀጣጠሉበት ነው። ከታች ያለው መሰርሰሪያ ሲደንዝ ሙሉው ቧንቧ ተጎትቶ ይወጣል፣ መሰርሰሪያው ይቀየራል፣ ቧንቧው እንደገና ይወርዳል። ይህን ማውጣትና ማውረድ ሠራተኞቹ «ትሪፕ» ይሉታል። ብዙ ጊዜ ሦስት ሦስቱ ብረት ሳይነጣጠል ማማው ውስጥ ስለሚቆም በየ28 ሜትሩ አንድ መጋጠሚያ ይፈታል፤ ሲወርድ ደግሞ ይታሰራል።

3,000 ሜትር ጥልቀት ላለው ጉድጓድ እናስላው። 107 ጊዜ ያህል መፍታት፣ 107 ጊዜ ያህል ማሰር፤ በድምሩ ከ210 በላይ ነው። በእጅ በሚሠራ ማማ ላይ እያንዳንዱ መጋጠሚያ የሰው እጅን ከሚንቀሳቀስ ብረት ጋር ቢያንስ ስድስት ጊዜ ያገናኛል፦ ቧንቧውን የሚይዘው ሽብልቅ ሲገባ፣ ሁለቱ ግዙፍ መፍቻዎች አንድ በአንድ ሲጠመዱ፣ ከዚያም ሲላቀቁ፣ ቧንቧው ወደ ቦታው ሲመራ፣ በመጨረሻም ሽብልቁ ሲነሣ። ይህ በአንድ ትሪፕ ብቻ ከ1,200 በላይ ንክኪ ነው። እንግዲህ «እጅህን ጠብቅ» የሚለው ምክር ሲመነዘር ይህን ሁሉ ጊዜ፣ በቀንም በሌሊትም፣ በዝናብም በጭቃም፣ አንዴም ሳትሳሳት ፈጽም ማለት ነው። ይህን የሚችል ሰው አልተፈጠረም።

ሽብልቁን «ስሊፕ» ይሉታል። በማጠፊያ የተያያዙ፣ እጀታ ያላቸው ከባድ ብረቶች ናቸው። ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች እኩል አንሥተው በቧንቧውና በወለሉ ቀዳዳ መካከል ይጥሉታል፤ ቧንቧው በገዛ ክብደቱ ሲወርድ ሽብልቁን ያጠብቀዋል። በምሳሌያችን ጉድጓድ ውስጥ የሚንጠለጠለው ቧንቧ፣ የጉድጓዱ ፈሳሽ የሚያቀልለውን ሳንቀንስ፣ ወደ 90 ቶን ይመዝናል። ቧንቧውን ከመቆጣጠሪያው ሆኖ የሚያወርደው ሰው የባልደረቦቹን እጅ ሁልጊዜ አያየውም። ግማሽ ሰከንድ ከቀደመ እጀታው ከቧንቧው ጋር ወደ ታች ይሄዳል፤ እጀታውን የጨበጠውም እጅ አብሮ ይሄዳል።

መፍቻዎቹ «ቶንግ» ይባላሉ። ከማማው ላይ በሽቦ ገመድ ተንጠልጥለው የሚወርዱ፣ መንጋጋ ያላቸው ብረቶች ናቸው። አንደኛው የታችኛውን ቧንቧ አጥብቆ ሲይዝ ሌላኛው የላይኛውን ያዞራል። ባለ 5 ኢንች ቧንቧ መጋጠሚያን ለማጥበቅ ከ30,000 ኒውተን ሜትር በላይ የማዞር ኃይል ሊያስፈልግ ይችላል። ክንዱ 1.2 ሜትር በሆነ ቶንግ ላይ ይህ ገመዱን ከ2 ቶን ተኩል በላይ በሆነ ኃይል መሳብ ማለት ነው። ገመዱ እስኪወጠር ድረስ ቶንጉ ምንም የማያደርግ፣ የሚወዛወዝ ብረት ብቻ ይመስላል። ሲወጠር ክፍተቱ በአንድ ጊዜ ይዘጋል። ጣት የሚገባውም በዚያ ክፍተት ነው፤ መንጋጋው ቧንቧውን በደንብ መንከሱን ሠራተኛው የሚያረጋግጠው በእጁ ገፋ እያደረገ ነውና።

ከዚህ ሁሉ የባሰው ግን የሰንሰለቱ ዘመን ነበር። ቧንቧውን ፈጥኖ ለማሽከርከር አንዱ ሠራተኛ ሰንሰለት በታችኛው ቧንቧ ላይ ይጠቀልላል፤ ከዚያም በእጁ አወናጭፎ ወደ ላይኛው ያሻግረዋል፤ በዚያው ቅጽበት ሞተር ይስበዋል። ሰንሰለቱ ሲጠብቅ በመካከል የተገኘ ጣት አይተርፍም። በዚያ ዘመን የቆዩ የቁፋሮ ሠራተኞች በጎደለ ጣታቸው ይታወቁ እንደነበር በሙያው ውስጥ ደጋግሞ ይነገራል። ሲነገር እንደ ልምድ ምስክር፣ እንደ ጀግንነት ምልክት መነገሩ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ያ ጣት የጎደለው ድፍረት ስላነሰ ወይም ስለበዛ አይደለም። ሥራው ሰንሰለት በእጅ መወርወርን ይጠይቅ ነበር፣ በቃ።

የሰው ልጅ አደጋ አይቶ እጁን ለመሳብ ቢያንስ ወደ 0.2 ሰከንድ ይፈጅበታል። በደቂቃ 120 ዙር የሚዞር ባለ 5 ኢንች ቧንቧ በዚያ 0.2 ሰከንድ ውስጥ የውጭ ገጹ 16 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል። ይህ የአንድ ጎልማሳ እጅ ከአንጓው እስከ ጣቶቹ ጫፍ ካለው ርዝመት እምብዛም አያንስም። የጓንት ጫፍ ወይም የእጅጌ ክር በሚዞረው ብረት ላይ ከተያዘ፣ ባለቤቱ የተያዘ መሆኑን ባወቀበት ቅጽበት እጁ ገብቶ አልቋል። ፍጥነቱና ሰብአዊው ተፈጥሮ አይመጣጠኑም፤ የትኛውም ሥልጠና ነርቭን ከተፈጥሮው በላይ አያፈጥነውም።

ከወለሉ ውጭም አደጋው አለ። በመደርደሪያ ላይ የተጋደመ ቧንቧ ሳይታሰብ ይንከባለላል። ክሬን ያነሣውን ዕቃ ለማረጋጋት እጅ ይዘረጋል፣ ዕቃውም ከግድግዳ ጋር ያጣብቀዋል። ከፍተኛ ግፊት የሚያልፍባቸው ቱቦዎች መጋጠሚያ በመዶሻ ይመታል፤ አንዱ ይዞ ሌላው ሲመታ መዶሻው ይስታል። ማማው ተነቅሎ ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር ደግሞ ሁሉም ነገር ከተለመደው ቦታው ውጭ ነው፤ በእነዚያ ቀናት የሚደርሰው የእጅ ጉዳት ብዙ ነው።

የመርፌ ጫፍ የምታህል ቁስል

ስለ አንድ የጉዳት ዓይነት ረዘም አድርጌ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ሲደርስ ምንም የማይመስል ሆኖ ሳለ እጅን ሙሉ በሙሉ ሊያሳጣ ስለሚችል። በማማው ላይ ያሉት ሃይድሮሊክ ማሽኖች ዘይታቸው ብዙ ጊዜ በ200 ባር ገደማ ግፊት ይሠራል። የሰውን ቆዳ ለመብሳት ደግሞ 7 ባር ያህል ሊበቃ ይችላል። ቱቦው ላይ በዓይን የማትታይ ቀዳዳ ትፈጠራለች፤ ሠራተኛው ዘይት ከየት እንደሚንጠባጠብ ለማወቅ እጁን በቱቦው ላይ ያንሸራትታል። የሚሰማው እንደ ንክሻ ያለ ነገር ነው። ሲያየው ጣቱ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጥብ አለች፣ ደምም እምብዛም የለም። ጠራርጎት ሥራውን ይቀጥላል። ብዙ ጊዜ የሚጎዳው የማይሠራበት እጅ ሌባ ጣት ነው፤ ሌላኛው እጅ መሣሪያ ይዟልና።

ዘይቱ ግን ገብቷል። በጅማቱ ሽፋን ውስጥ እየተንሸራተተ ወደ መዳፍ፣ አንዳንዴም ወደ ክንድ ይደርሳል፤ ሥጋውን በግፊትም በመርዝነቱም ይገድላል። ከሰዓታት በኋላ ጣቱ ያብጣል፣ ይገረጣል፣ ሕመሙ የማይቻል ይሆናል። ሕክምናው ክኒንና ፋሻ አይደለም፤ እጁን ከፍቶ የሞተውን ሥጋ የሚጠርግ አስቸኳይ ቀዶ ጥገና ነው። ከ6 ሰዓት በላይ የዘገየ ሰው የመዳን ዕድሉ በግልጽ ይቀንሳል፤ በዚህ ጉዳት ጣታቸው የሚቆረጥባቸው ሰዎች ብዛትም በሕክምና ጥናቶች ውስጥ ከሦስት አንድ ገደማ ይደርሳል። በማማው ላይ ያለ ነርስ ወይም የመጀመሪያ ርዳታ ሰጪ ይህን ካላወቀ «ቀላል ቁስል» ብሎ ወደ ሥራው ይመልሰዋል። ከዘይት ቱቦ ጋር የተያያዘ ማንኛውም ትንሽ ቀዳዳ ቁስል፣ ሕመም ባይኖረውም እንኳ፣ ሰዓቱ ተመዝግቦ ወደ ቀዶ ሐኪም መሄድ አለበት። ዘይት የሚንጠባጠብበትን ቦታ መፈለግም በካርቶን ወይም በእንጨት ቁራጭ ነው፤ ያውም ግፊቱ ወርዶ መፈለግ ካልተቻለ ብቻ።

የተቆረጠና የተጨፈለቀ አንድ አይደሉም

አንድ እጅ 27 አጥንቶች አሉት። በጣቶቹ ውስጥ የሚያንቀሳቅሳቸው ጡንቻ የለም፤ ጡንቻዎቹ ያሉት በመዳፍና በክንድ ሲሆን፣ ጣቶቹን የሚስቡት በጠባብ መተላለፊያ ውስጥ የሚሾልኩ ጅማቶች ናቸው። ስለዚህ አንጓ አጠገብ የደረሰ ጉዳት ጣቶቹን ሳይነካ ጣቶቹን ሊያሰናክል ይችላል። አጥንቱ ድኖ፣ ቆዳው ድኖ፣ ጅማቱ ከዙሪያው ጋር ተጣብቆ ጣት የማይታጠፍባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። በሰነዱ ላይ «ታክሟል» ይባላል፤ ሰውየው ግን ቁልፍ ማዞር አይችልም።

በ1965 (እ.ኤ.አ.) በጃፓን ናራ ሁለት ቀዶ ሐኪሞች ኮማትሱና ታማይ ሙሉ በሙሉ የተቆረጠ አውራ ጣትን በአጉሊ መነጽር እየታገዙ የደም ሥሮቹን ሰፍተው መልሰው ተከሉ። ከዚያ ወዲህ ይህ ሙያ በጣም አድጓል። በስለት የተቆረጠ ጣት በጥሩ ሁኔታ ከተያዘ ሳይቀዘቅዝ ወደ 12 ሰዓት፣ ቀዝቅዞ ደግሞ እስከ 24 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ጡንቻ ያለበት ክፍል፣ ለምሳሌ ከአንጓ በላይ የተቆረጠ እጅ፣ ጊዜው በግማሽ ያጥራል።

የቁፋሮ ማማ ግን ስለት አይደለም። ቶንግና ሽብልቅ ይጨፈልቃሉ፤ ሰንሰለትና ገመድ ይነቅላሉ። ሲነቀል የደም ሥሩና ነርቩ ከተቆረጠበት ቦታ ርቀው ውስጥ ለውስጥ ይበጣጠሳሉ። ሐኪሙ የሚሰፋው ጤነኛ ጫፍ አያገኝም። ቀለበትም ለዚህ ነው የሚከለከለው፤ ቀለበቱ ብረት ላይ ተይዞ ሰውየው ከከፍታ ቢዘል ቆዳውን እንደ ጓንት ገፍፎ ይወስደዋል። በዚህ ላይ ርቀቱ አለ። ማማዎቹ ያሉት በበረሃ ወይም በባሕር መካከል ነው፤ ሄሊኮፕተሩ የአየሩን ሁኔታ ይጠብቃል፤ የመጀመሪያው ሆስፒታል ደግሞ የእጅ ቀዶ ሐኪም ላይኖረው ይችላል።

አንድ ነገር ሁሉም የማማ ሠራተኛ ሊያውቀው ይገባል። የተቆረጠውን ጣት በረዶ ላይ አታስቀምጡት፤ በረዶው ሥጋውን ይገድለዋል። በንጹሕ ጎዝ፣ በሳላይን (በሕክምና የጨው ውኃ) ረጠብ አድርጋችሁ ጠቅልሉት፤ ውኃ በማያስገባ የፕላስቲክ ከረጢት ከታችሁ አሽጉት፤ ከረጢቱን ውኃና በረዶ በተቀላቀለበት ዕቃ ውስጥ አስቀምጡት፤ ከሕመምተኛው ጋር አንድ ላይ ላኩት። የተጨፈለቀ ቢመስልም ይተከል ወይም ይተው የሚለው የሐኪሙ ውሳኔ ነው፤ ከተጣለ ግን ውሳኔ የሚባል ነገር አይኖርም።

ጓንቱ የሚችለውና የማይችለው

ጀርባው ላይ ጎማ የተለጠፈበት ደማቅ ቀለም ያለው ጓንት ዛሬ በየማማው ይታያል። መልካም ዕቃ ነው። በ2019 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የአሜሪካ ብሔራዊ ደረጃ፣ ቁጥሩ 138፣ እነዚህን ጓንቶች በሦስት እርከን ይመድባል። ሙከራው 5 ጁል ጉልበት ባለው ምት የእጁን ጀርባና ጣቶች መትቶ ስንት ኃይል አልፎ እንደሚደርስ መለካት ነው። ከፍተኛውን እርከን የሚያገኘው በአማካይ ከ4 ኪሎ ኒውተን ያልበለጠ የሚያሳልፈው ነው።

5 ጁል ምን ያህል ነው? 2 ኪሎ ተኩል የሚመዝን ብረት ከ20 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ቢወድቅ የሚያደርሰው ምት ነው። አሁን ከመሰርሰሪያው በላይ የሚገጠመውን ወፍራም ብረት እናስብ። ባለ 8 ኢንቹ አንዱ ብቻ ወደ 2 ቶን ይመዝናል። በሰከንድ ግማሽ ሜትር፣ ማለትም ከተራ የእግር ጉዞ በዘገየ ፍጥነት ቢወዛወዝ 250 ጁል ይሸከማል፤ ጓንቱ ከተፈተነበት 50 እጥፍ ነው። ያውም ጓንቱ የተሠራው ለምት ነው። በሁለት ብረቶች መካከል ቀስ ብሎ ለሚጨፈልቅ ጫና ጎማው ምንም አያደርግም።

ጓንት ለጭረት፣ ለቃጠሎ፣ ለኬሚካል፣ ለመዶሻ ስተት ይጠቅማል፤ ያለ ጓንት ይሠራ የሚል የለም። የሚያሳስበኝ ጓንቱ በኃላፊዎች ዘንድ የሚፈጥረው እፎይታ ነው። ጓንት ሲታደል አንድ ነገር የተደረገ ይመስላል፤ ፎቶ ይነሣል፣ ሪፖርት ይዘጋል፤ ቶንጉ ግን እንደነበረ ተንጠልጥሏል። በደኅንነት ሙያ ውስጥ የታወቀው ቅደም ተከተል አደጋውን ማስወገድ፣ አሠራሩን መለወጥ፣ መከለያ ማድረግ፣ ሥርዓት ማውጣት፣ በመጨረሻም ጓንትና መነጽር ነው። የጓንቱ ደጋፊዎች ሳይክዱ ቅደም ተከተሉን ገልብጠው የሚሠሩበት ምክንያት ግልጽ ነው፦ ከሁሉም ርካሹ የመጨረሻው ነው።

ሰዓቱና ቁጥሩ

የቁፋሮ ማማ በቀን ይከራያል። በየብስ ላይ ኪራዩ በቀን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው፤ በጥልቅ ባሕር ላይ በመቶ ሺዎች ይደርሳል። ሠራተኛው ፈረቃው 12 ሰዓት ነው፤ ለሳምንታት ሳያቋርጥ ይሠራል፣ ከዚያ ለሳምንታት ያርፋል። በአሥራ አንደኛው ሰዓት ላይ ያለ እጅ በመጀመሪያው ሰዓት ላይ የነበረው እጅ አይደለም። ቧንቧን በእጅ ሳይነኩ ለመግፋት የሚያገለግለው ዘንግ ሃያ እርምጃ ርቆ የተሰቀለ እንደሆነ ሠራተኛው ሄዶ ማምጣቱን ትቶ ቧንቧውን በእጁ ይገፋዋል፤ ያንን ያስመረጠው ስንፍና ሳይሆን ሁሉም እየጠበቀው መሆኑ ነው።

አዲስ ገቢው ደግሞ ከሁሉም ተጋላጭ ነው። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ያላለፉትን ሠራተኛ በተለየ ቀለም የራስ ቁር የሚለዩ ኩባንያዎች ብዙ ናቸው፤ ደግ አሠራር ነው። ሆኖም አዲሱ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚመደበው ወለሉ ላይ፣ ከቶንጉና ከስሊፑ ጋር ነው። ደረጃው ከፍ ሲል ከብረቱ ይርቃል። ማለትም ልምድ ያገኘ ሰው ልምዱ የሚያስፈልግበትን ቦታ ይለቃል። ደመወዙን ወደ ቤት የሚልክ፣ ኑሮው ከእጅ ወደ አፍ የሆነ ወጣት «ቆይ፣ ይህ ሥራ ልክ አይደለም» ብሎ መላውን ማማ ያስቆማል ብሎ መጠበቅም ይከብዳል። የዓለም ሥራ ድርጅት በ1981 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ቁጥር 155 ስምምነት በአንቀጽ 13 ከባድና ድንገተኛ አደጋ አለ ብሎ በበቂ ምክንያት ከሥራው የራቀ ሠራተኛ እንዳይጎዳ ጥበቃ ይሰጠዋል። ድርጅቱ በ2022 (እ.ኤ.አ.) የሥራ ደኅንነትና ጤናን ከመሠረታዊ መብቶች ጋር ቆጥሮታል። መብቱ በወረቀት ላይ አለ። ወለሉ ላይ የሚኖረው ግን የመጀመሪያው ሰው ሥራ አስቁሞ ምን እንደደረሰበት ሌሎቹ ካዩ በኋላ ነው።

ቁጥሩም ያሳስታል። ነዳጅ ኩባንያዎች ተቋራጭ ሲመርጡ የሚያዩት አንድ መለኪያ በሥራ ሰዓት ብዛት ስንት የተመዘገበ ጉዳት ደረሰ የሚለው ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ነገር ግን ጨረታ በዚህ ቁጥር ሲወሰን፣ የቡድኑ ጉርሻም በዚህ ሲታሰር፣ የተሰነጠቀ ጣት «የመጀመሪያ ርዳታ ብቻ» ተብሎ የማለፍ ፈተና ይመጣል። የተጎዳው ሰው ቢሮ ተቀምጦ ወረቀት እንዲያገላብጥ ይደረጋል፤ የሥራ ቀን አልጠፋም ይባላል። ጉዳቱን የሚናገረው ሰው የጓደኞቹን ጉርሻ የሚያስቀር ይሆናል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና አስተዳደር ከጃንዋሪ 2015 ጀምሮ አሠሪዎች ማንኛውንም የአካል መቆረጥ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያሳውቁ ያስገደደው የተቆረጠ ጣት እንደ ተሰነጠቀ ጣት በቃላት ሊሸፈን ስለማይችል ይመስለኛል። ሆኖም የማይቆረጡት፣ ግን የማይታጠፉት ጣቶች ከዚያ ቆጠራ ውጭ ናቸው።

ከዚሁ መሥሪያ ቤት ሌላ የሚያስገርም ነገር አለ። ማሽን ሲጠገን ኃይሉ ተዘግቶ፣ ተቆልፎ፣ ቁልፉም በጠጋኙ ሰው ኪስ መሆን አለበት የሚለው የታወቀው ደንብ በ1989 (እ.ኤ.አ.) ሲወጣ የነዳጅና ጋዝ ጉድጓድ ቁፋሮንና ጥገናን ከተፈጻሚነቱ ውጭ አድርጓል። ብዙ ኩባንያዎች በራሳቸው መመሪያ ይቆልፋሉ፤ ይህ ያስመሰግናቸዋል። ግን ኃይል መቆለፍ በፋብሪካ ውስጥ ሕግ ሆኖ በማማ ላይ የኩባንያው ፈቃድ የሆነበትን ምክንያት ለተጎዳ ሰው ማስረዳት ከባድ ነው።

እጁ ከዚያ ሲወጣ

ሰንሰለቱን ከማማው ያስወጣው ስብከት አይደለም። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቧንቧን በሃይድሮሊክ የሚይዝ፣ የሚያሽከረክርና የሚያጠብቅ ማሽን መጣ፤ «አይረን ራፍኔክ» ይሉታል፣ የብረት የወለል ሠራተኛ እንደማለት ነው። ቶንግ የሚያጠምድ፣ ሰንሰለት የሚወረውር እጅ አያስፈልገውም። በሃይድሮሊክ የሚነሣና የሚወርድ ስሊፕ ተጨመረ። ቧንቧን ከመደርደሪያ አንሥቶ ወደ ማማው የሚወስድ ክንድም መጣ። በኖርዌይ የባሕር ክልል የቧንቧ አያያዝ በርቀት መቆጣጠሪያ እንዲከናወን ደንቡ ይጠይቃል። በእንዲህ ዓይነት ማማ ላይ የእኛ 1,200 ንክኪ ወደ ጥቂቶች ይወርዳል፤ ወለሉ ላይ ቧንቧ ሲወጣና ሲወርድ ማንም ላይቆም ይችላል።

ማሽኑ አደጋውን አያጠፋውም፤ ቦታውን ይቀይረዋል። ሲበላሽ የሚከፍተው ሰው አለ፣ ዘይቱም ግፊቱን እንደያዘ ሊሆን ይችላል። የርቀት መቆጣጠሪያው ላይ ያለ ሰው ጠጋኙ ማሽኑ ውስጥ እጁን መክተቱን ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ መካናይዜሽን የመጣበት ማማ ቆልፎ የመጠገን ሥርዓት ካልመጣለት ጉዳቱ ከወለል ሠራተኛው ወደ መካኒኩ ተዛወረ ማለት ነው። ይህም ሆኖ የጥገና ሥራ በቀን ጥቂት ጊዜ የሚደረግ፣ ሊታቀድ የሚችል ሥራ ነው። 1,200 ንክኪን ማቀድ አይቻልም።

ሁሉም ማማ በአንድ ጊዜ አዲስ አይሆንም፤ አሮጌና ትናንሽ ማማዎች ላይ ገና ብዙ ሰው ይሠራል። እዚያ የሚያግዙ ቀላል ነገሮች አሉ፦ ቧንቧ የሚገፋና የሚስብ ዘንግ፣ የተንጠለጠለ ዕቃ የሚመራበት ገመድ፣ በመዶሻ የሚመታውን ከርቀት የሚይዝ መያዣ፣ ቶንግ ላይ እጅ የት መሆን እንዳለበት በቀለም የተለየ እጀታ፣ ከመቆጣጠሪያው ወለሉን በሙሉ የሚያሳይ ካሜራ። እነዚህ ውድ አይደሉም። የሚሠሩት ግን ዘንጉ ሥራው አጠገብ ከተሰቀለና ዘንጉን ለማንሣት የሚፈጀው ጊዜ በሥራ ዕቅዱ ውስጥ ከተቆጠረ ነው። ከላይ የጠቀስኩት ስምምነት አንቀጽ 21 የደኅንነት ዕርምጃ ሠራተኛውን ወጪ አያስወጣውም ይላል። እኔ ያልተቆጠረ ጊዜም ከወጪ የሚቆጠር ይመስለኛል፤ ሰውየው የሚከፍለው በጥድፊያ ነውና።

የአውራ ጣት ዋጋ

ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ሕግ ጣትን በሳምንት ይተምናል። በአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ሠራተኞችን የሚመለከተውና በ1953 (እ.ኤ.አ.) በወጣ ሕግ አማካይነት በባሕር ወለል ላይ ለተተከሉ የነዳጅ መድረኮች ሠራተኞች የተዘረጋው የካሳ ሕግ አውራ ጣት ላጣ የ75 ሳምንት፣ ሌባ ጣት 46፣ መሃል ጣት 30፣ የቀለበት ጣት 25፣ ትንሿ ጣት 15 ሳምንት ክፍያ ይመድባል። ክፍያው ከአማካይ የሳምንት ደመወዝ ሁለት ሦስተኛው ነው። አምስቱም ሲደመሩ 191 ይሆናሉ፤ ሙሉ እጅ ግን 244 ነው።

እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ መኖሩ ከሌለበት በጣም ይሻላል፤ ሰውየው አሠሪው ጥፋተኛ መሆኑን ሳያስረዳ ይከፈለዋል። ሆኖም ቁጥሩን በዕድሜ እንየው። በ24 ዓመቱ አውራ ጣቱን ያጣ ወጣት ካሳው ከአንድ ዓመት ተኩል ባልበለጠ ጊዜ ያልቃል። ከአርባ ዓመት በላይ የሚሆን የሥራ ዘመን ግን ገና ከፊቱ አለ፣ ያውም መጨበጥ በማይችል እጅ። ለሠራተኛው የሕይወቱ ጉዳይ የሆነው ለኩባንያው ከማማ ኪራይ የጥቂት ቀናት ሒሳብ ነው። አይረን ራፍኔክ መግዛት ወይም አለመግዛት ሲወሰን ሚዛኑ ላይ የሚቀመጠው ይህ ሁለተኛው ቁጥር ከሆነ ውሳኔው ወዴት እንደሚያደላ ይታወቃል።

ነዳጅ ኩባንያው ማማውን ይከራያል፣ ተቋራጩ ያከራያል፣ ብዙ ጊዜም ሠራተኛውን የሚቀጥረው ሦስተኛ ወገን ነው። ለአዲስ መሣሪያ ማን ይክፈል ሲባል ሦስቱም ወደ ጎረቤታቸው ይጠቁማሉ። ያም ሆኖ ጨረታውን የሚያወጣው አንዱ ነው፤ የጨረታውን ጥያቄ መለወጥም የእሱ ሥልጣን ነው። ባለፈው ዓመት ስንት ጉዳት ተመዘገበ ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ «በማማህ ላይ በአንድ ትሪፕ የሰው እጅ ስንት ጊዜ የሚንቀሳቀስ ብረት ይነካል?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱን በመዝገብ ቃላት ማሳነስ አይቻልም። ወለሉ ጥግ ላይ ቆሞ አንድ መጋጠሚያ ሲፈታና ሲታሰር መቁጠር ይበቃል።